ልጁን ቀድሞ የሚያየው ማን ነው?
የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠናና የገጠር ሕፃናት የአእምሮ ጤና

ከአዳማ ተነሥተን በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ብንጓዝ መቂን፣ ባቱን (ዝዋይን)፣ አርሲ ነገሌንና ሻሸመኔን በተከታታይ እናገኛለን። መንገዱ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ታክኮ ያልፋል፤ በግራና በቀኝ የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ፣ የአበባ እርሻ፣ ግራር የበቀለበት ሜዳ ይታያል። በከተሞቹ ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም አለ። አስፋልቱን ትተን በጋሪ ወይም በእግር ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስንገባ ግን በቅርብ የምናገኘው የመንግሥት የጤና ተቋም ብዙውን ጊዜ ጤና ኬላው ብቻ ነው።

ከእነዚህ ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር የስድስት ዓመት ልጅ በምናባችን እንሣልና ጫልቱ ብለን እንጥራት። ጫልቱ እስካሁን አጥርታ አትናገርም። አልፎ አልፎ በድንገት ትወድቅና ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ጎረቤት ክብሪት ጭሮ ጢሱን ያሸትታታል። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው መንፈስ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ስታድግ ይተዋታል ብሎ ያጽናናል። እንግዳ ሲመጣ ጫልቱ ጓዳ ትገባለች። እናቷ ከገበያም ከለቅሶም ቀርታለች፤ ልጅቷን ለማን ትታት ትሂድ? ጫልቱ ትምህርት ቤት አልተመዘገበችም። በዚያ ቤት ደጃፍ ከሚያልፉት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል እርሷን የምታያት ምናልባት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷም ለታናሽ ወንድሟ ክትባት የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

ለመሆኑ ይህች ሠራተኛ ጫልቱን ስታይ ምን ታውቃለች? ምንስ ልታደርግላት ትችላለች? በዚህ ጽሑፍ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን በሕፃናት የአእምሮ ጤና ላይ ማሠልጠን ምን እንደሚያስገኝና ምን እንደሚጎድለው፣ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችን መሠረት አድርገን ለማስረዳት እንሞክራለን። (በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የችግሩ ስፋት

የአእምሮ ሕመም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው አዋቂ ሰው ነው። ይሁን እንጂ በ2021 የታተመና 192 ጥናቶችን ያጠቃለለ ምርምር እንዳሳየው የአእምሮ ጤና ችግር ከገጠማቸው ሰዎች መካከል አንድ ሦስተኛ በሚሆኑት ላይ ችግሩ የጀመረው ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ነው፤ ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ደግሞ ከ18 ዓመት በፊት። ስለዚህ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ሕፃናትን ከዘለለ ችግሩን የሚያገኘው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው ማለት ነው።

የሕፃናት የአእምሮ ጤና ችግሮችን በሦስት ወገን ከፍለን ማየት እንችላለን። የመጀመሪያው የዕድገት መዛባት ሲሆን ኦቲዝምና የአእምሮ ዕድገት ውስንነት በዚህ ሥር ይመደባሉ። ሁለተኛው የስሜትና የጠባይ ችግር ነው፤ ከመጠን ያለፈ ፍርሃት፣ ድባቴ፣ መቅበጥበጥና ትኩረት ማጣት፣ ከአደጋ ወይም ከጥቃት በኋላ የሚመጣ ሥጋት የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። ሦስተኛው የሚጥል በሽታ ነው። የሚጥል በሽታ በትክክለኛ አነጋገር የአንጎል ሕመም ነው፤ ሆኖም በገጠር ሕክምና ከአእምሮ ጤና አገልግሎት ጋር ተጣምሮ ስለሚሰጥና የሚያስከትለው መገለልም ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ አብረን እናነሣዋለን። በ1980ዎቹ መጨረሻ በቡታጅራ አካባቢ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ በመረመሩበት ጥናት ከ1000 ሰዎች መካከል 5.2 የሚሆኑት ይህ በሽታ እንዳለባቸው ተረጋግጧል።

በኦሮሚያ ውስጥ፣ በአምቦ ወረዳ የተደረገና በ1999 የታተመ ጥናት 17.7 በመቶ በሚሆኑት ሕፃናት ላይ የጠባይ ችግር ምልክት አግኝቷል። በ2001 የታተመ የቡታጅራ ጥናት ግን ያገኘው 3.5 በመቶ ብቻ ነው። አንባቢ «የትኛውን እንመን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የቦታው ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ ዋናው ልዩነት የመጣው ከመለኪያው ነው። በአምቦ ያገለገለው ወላጅ አዎ ወይም አይደለም እያለ የሚመልሳቸው አሥር አጫጭር ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ነው፦ ልጁ አነጋገሩ ይከብደዋል? እንቅልፍ ይነሣዋል? ወድቆ ይንቀጠቀጣል? ያለ ምክንያት ይፈራል? ከሌሎች ልጆች ጋር ከቶ አይጫወትም? የሚሉና የመሳሰሉት። በቡታጅራ የተሠራበት ግን የሕመሙን ዓይነት ለይቶ ለመሰየም የተዘጋጀ ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው።

የመጀመሪያው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ወንፊት ነው፤ ሁለተኛው ጠባብ። ሰፊው ወንፊት የታመመውን ልጅ እንዳያመልጠው ብሎ ያልታመመውንም አብሮ ያሳልፋል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚስማማው ሰፊው ነው፤ ምክንያቱም የእርሷ ሥራ ሕመሙን መሰየም ሳይሆን ሊታይ የሚገባውን ልጅ መለየት ነው። ነገር ግን በእርሷ ወንፊት ያለፈ ልጅ ሁሉ ሕመምተኛ እንዳልሆነ አስቀድማ ማወቅ ይኖርባታል። ይህ አንድ ነጥብ ብቻ እንኳ ሥልጠናው ለምን አስፈላጊ እንደሆነ ያመለክታል።

ሐኪሙ የት ነው?

በአገራችን የዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ከአዲስ አበባው የአማኑኤል ሆስፒታል ጋር የተያያዘ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ደረጃ ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ከዚያ ወዲህ የባለሙያው ቁጥር ጨምሯል፤ በሕፃናት ላይ ያተኮሩት ግን አሁንም እጅግ ጥቂት ናቸው፤ አገልግሎቱም ያዘነበለው ወደ ዋና ከተማዋ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 የመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም የተከፈተው በዚያችው ከተማ ነበር።

በአዲስ አበባ ክሊኒኮች የዕድገት መዛባት ያለባቸውን ልጆች ይዘው የመጡ 102 አሳዳጊዎችን የጠየቀ በ2016 የታተመ ጥናት፣ 45 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንድ የሚሆኑት ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ገልጿል። እነዚህ ወደ ክሊኒክ ለመምጣት የቻሉት ናቸው። ጓዳ የቀሩትን ልጆች ማንም አልቆጠራቸውም።

የባለሙያ እጥረቱን ለመቋቋም የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር መሠረታዊ የአእምሮ ሕክምና በጠቅላላ የጤና ሠራተኞች፣ ማለትም በነርሶችና በጤና መኮንኖች እጅ እንዲሰጥ የሚመክር ነው። ኢትዮጵያም በ2010 ተግባራዊ ማድረግ ጀምራለች። ሐሳቡ በአገራችን ተፈትኗል። በጉራጌ አካባቢ በከባድ የአእምሮ ሕመም በሚሠቃዩ ሰዎች ላይ ተካሂዶ በ2022 የታተመ ሙከራ፣ በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ሠራተኞች የሚሰጠው ክትትል በባለሙያ ከሚመራው አገልግሎት እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ግን የአዋቂዎች ውጤት ነው። ሕፃኑ በራሱ እግር ጤና ጣቢያ አይሄድም፤ ሌላ ሰው አይቶ ሊወስደው ይገባል።

ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሲጀመር 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ከሚያገለግሉበት አካባቢ ተመልምለው፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ መሆናቸው ተረጋግጦ፣ ለአንድ ዓመት ሠልጥነው በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡ ነበር። በአወቃቀሩ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ወደ 5000 ለሚጠጋ ሕዝብ ያገለግላል፤ አምስት ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ፤ ጤና ጣቢያው ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሆስፒታል ይልካል። በመጀመሪያ 16 የነበሩት የሥራ ዘርፎች በኋላ ወደ 18 ከፍ ሲሉ የአእምሮ ጤናም ተላላፊ ካልሆኑ በሽታዎች ጋር አብሮ ገብቷል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል አንድ ነገር አለ። ይህች ሠራተኛ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ከመውሰዷ በፊትም የሕፃናትን አንጎል ስትጠብቅ ኖራለች። በስምጥ ሸለቆ ዝቅተኛ ቦታዎች ወባ የታወቀ ነው፤ ወባ ወደ አንጎል ሲዘልቅ ከሞት የተረፈውን ልጅ ለሚጥል በሽታና ለትምህርት ችግር ሊዳርገው ይችላል። ስለዚህ በጊዜው የተሰጠ የወባ መድኃኒት የአንጎል መድኃኒትም ነው። እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ ስትመክር፣ ሕፃኑ በምጥ ጊዜ በአየር እጥረት እንዳይጎዳ እየተከላከለች ነው። ክትባቱ ማጅራት ገትርን፣ አዮዲን ያለው ጨው የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን ይከላከላል። አዲሱ ሥልጠና የሚጨምርላት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባት ነው።

ሥልጠናው ምን ያስተምራል?

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያዘጋጀው «ሂት» የተባለ የትምህርት ፕሮግራም የአእምሮ ጤና ትምህርትን ይዟል። በኋላም ተመራማሪዎች «ሂት ፕላስ» የተባለ ተጨማሪ ሥልጠና አዘጋጁ፤ በኦቲዝምና በሌሎች የሕፃናት የዕድገት ችግሮች ላይ የሚያተኩሩ ቪዲዮዎችና በኪስ የሚያዝ መመሪያ ያለው ነው።

የዚህ ዓይነት ሥልጠና ዋና ዋና ይዘቶች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የዕድገት ደረጃዎችን ማወቅ። ልጅ አንድ ዓመት ሲሞላው በስሙ ሲጠራ ዞር ማለት፣ ሁለት ዓመት ሲሞላው ሁለት ቃላት አጣምሮ መናገር ይጠበቅበታል። አንዱ ምልክት ዘገየ ማለት ልጁ ታሟል ማለት አይደለም፤ በድጋሚ መታየት አለበት ማለት ነው። በመጀመሪያ መስማቱ መረጋገጥ አለበት፤ «አይናገርም» የተባለው ልጅ የማይሰማ ሊሆን ይችላልና።

ሁለተኛ፣ የሚጥል በሽታ የመጀመሪያ ርዳታ። ልጁ ሲወድቅ በጎኑ ማስተኛት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ እሳትና ስለት ማራቅ፣ በአፉ ምንም ነገር አለመክተት። የክብሪት ጢስ ማሽተት አያነቃውም። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። በሽታው በንክኪም በአረፋም አይተላለፍም፤ ስለሆነም የወደቀውን ልጅ ማንሣት አያስፈራም። እንደ ፌኖባርቢታል ያሉ በዋጋ ርካሽ መድኃኒቶች በባለሙያ ትእዛዝ ሳይቋረጡ ሲወሰዱ የብዙዎቹን ሕመምተኞች መንቀጥቀጥ ይቆጣጠራሉ።

ሦስተኛ፣ አነጋገር። «ልጅሽ ጤነኛ አይደለም» ብሎ መጀመር በር ያዘጋል። «ልጅሽ በምን ትደሰታለች? የሚያሳስብሽስ ምንድን ነው?» ብሎ መጀመር ግን እናትን ያናግራል። እናት ልጇን ወደ ሃይማኖት ቦታ ብትወስዳት መንቀፍ አይገባም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ማስማማቱ ይበልጣል። ቋንቋም ቁም ነገር ነው፤ በአዲስ አበባ በአማርኛ የተዘጋጀ ጥያቄ ለአርሲ ወይም ለጅሌ ገበሬ ቤተሰብ ሲቀርብ ቃሉ ብቻ ሳይሆን ትርጉሙም በኦሮምኛ መመርመር ይኖርበታል።

አራተኛ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መላክና ከተመለሱ በኋላ ቤት ድረስ ሄዶ መከታተል።

ዕውቀት ሲጨምር ተስፋ ሊቀንስ ይችላል?

ሥልጠናው ምን ውጤት አመጣ? በ2019 የታተመ ጥናት በገጠር የሚሠሩ ሦስት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቡድኖችን አነጻጽሯል፦ ሂትን ብቻ የወሰዱ 104፣ ሂት ፕላስን የጨመሩ 97፣ የአእምሮ ጤና ሥልጠና ያልወሰዱ 108። ስለ ኦቲዝም ያላቸው እምነትና ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ምን ያህል እንደሚቀርቡ ተጠየቁ። እንደተጠበቀው የሠለጠኑት አሉታዊ እምነታቸው ያነሰ፣ ልጁን ለመቅረብም የበለጠ ፈቃደኞች ሆነው ተገኙ። ሂት ፕላስን የወሰዱት ደግሞ ከሁሉም የተሻሉ ነበሩ።

ያልተጠበቀው ውጤት ግን ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ነው። ሂት ፕላስን የወሰዱት ሠራተኞች ስለ ልጁ የወደፊት ሕይወት መልካም ነገር የመጠበቃቸው መጠን ካልሠለጠኑት ያነሰ ሆነ። የበለጠ የተማሩት ያነሰ ተስፋ ነበራቸው።

ይህን እንዴት እንረዳው? በእኛ አመለካከት ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንደኛው፣ ያልሠለጠነችው ሠራተኛ «ስታድግ ይተዋታል» የምትል ከሆነ ያ ተስፋ በዕውቀት ላይ የቆመ አይደለም። ኦቲዝም የዕድሜ ልክ ሁኔታ ነው፤ ይህን መማር የሐሰት ተስፋን መቀነሱ ጉዳት ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ሁለተኛው ግን አሳሳቢ ነው። ሥልጠናው የችግሩን ስምና ክብደት በሚገባ አስተምሮ፣ ልጁ በትክክለኛ ድጋፍ ምን ሊማር እንደሚችል በበቂ ካላሳየ፣ ሠልጣኟ ይዛ የምትሄደው ስም ብቻ ነው። እርሷም ያንኑ ለእናቲቱ ታስተላልፋለች። እናት «እርግማን ነው» ከሚለው ተላቃ «ኦቲዝም ነው፣ ምንም አይደረግም» ወደሚለው ከተሻገረች፣ ኀፍረቱ ቀንሶላት ይሆናል፤ ልጇ ግን እዚያው ጓዳ ናት።

ከስም ወደ ክህሎት

እንግዲህ ሥልጠናው ከመለየት አልፎ ወደ መርዳት መሻገር አለበት። ለዚህ የሚያገለግል አንድ መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሆኑ የዕድገት መዛባት ላለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ የሚመሩትም ልዩ ሐኪሞች ያልሆኑ ሠራተኞች ሊሆኑ ይችላሉ። በኢትዮጵያም ከአገሩ ሁኔታ ጋር ተስማምቶ ተሞክሯል።

ትምህርቱ የሚሰጠው በየዕለቱ የቤት ሥራ ላይ ተመሥርቶ ነው። የጫልቱ እናት ቡና ልታፈላ ስኒ ስታጥብ አንዱን ለልጅቷ ትሰጣለች። «ሲኒ» ትላለች፤ ቃሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ያው ነው። ከዚያም ዝም ብላ ትጠብቃለች። ልጅቷ ብታይ፣ እጇን ብትዘረጋ ወይም ድምፅ ብታሰማ ያ መልስ ነውና ታመሰግናታለች። በነጋታው ሁለት ሲኒ ይዛ «የቱን?» ትላለች። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትንና እየመጣ የሚያበረታታ ሰውን ነው።

እናቲቱም ራሷ መታየት አለባት። በቡታጅራ ከ1000 በላይ ነፍሰ ጡር ሴቶችን የተከታተለ ጥናት የእናት የአእምሮ ጭንቀት ከተራዘመ ምጥ፣ ከዘገየ የጡት ማጥባት ጅምርና ከሕፃኑ ተቅማጥ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በፓኪስታን ገጠር እንደ እኛዎቹ ያሉ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች አጭር ሥልጠና ወስደው ድባቴ ያለባቸውን እናቶች ቤት ለቤት ሲያነጋግሩ፣ ከወሊድ ስድስት ወር በኋላ ድባቴው ያልለቀቃቸው 23 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በሌላው ቡድን ግን 53 በመቶ። በ2008 የታተመው ይህ ውጤት አንዲት የቀበሌ ሠራተኛ በትክክል ከሠለጠነች ምን ያህል ልትሠራ እንደምትችል ይመሰክራል።

ያልተፈቱ ጥያቄዎች

ይሁን እንጂ ሥልጠና ብቻውን መፍትሔ ነው ብለን አንባቢን ማታለል አንሻም። ሦስት ጥያቄዎች ይቀራሉ።

የመጀመሪያው የሥራ ጫና ነው። 18 ዘርፎች በሁለት ሴቶች ትከሻ ላይ ተጭነዋል። አዲስ ሥራ በተጨመረ ቁጥር ከቀድሞው አንዱ ካልተቀነሰ ወይም ሌላ ሠራተኛ ካልታከለ፣ አዲሱ የሚቀረው በመዝገብ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው መላክ ነው። የላከችው ልጅ ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሠለጠነ ነርስ ከሌለ ወይም መድኃኒት ካለቀ፣ እናቲቱ የመጓጓዣ ገንዘቧን ከስክሳ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ዳግመኛም አትሄድም። ስለዚህ ጤና ኬላውን ከማሠልጠን አስቀድሞ ወይም አብሮ ጤና ጣቢያውን ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ክትትል ነው። የጥቂት ቀናት ሥልጠና በወራት ውስጥ ይረሳል። ከጤና ጣቢያው ነርስ ጋር በየወሩ ተገናኝቶ «ይህችን ልጅ አይቼ ነበር፣ ምን ላድርግ?» ብሎ መመካከር ከሁለተኛ ዙር ሥልጠና የበለጠ ሊጠቅም ይችላል።

ማጠቃለያ

ውድ አንባብያን፣ ከእናንተ መካከል በየዓመቱ ክረምት ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ አርሲ ነገሌ ወይም ወደ ሌላ አካባቢ ወደ ወላጆቹ የሚመለስ ብዙ ነው። በዚያ ጓዳ የተቀመጠች ልጅ እንዳለች ታውቁ ይሆናል። ቤተሰቧን ሳታሳፍሩ ወደ ጤና ኬላው መምራት፣ ስትወድቅ ክብሪቱን አስጥሎ በጎኗ ማስተኛት የማንኛውም ተማሪ አቅም ነው። ነገ የጤና፣ የሥነ ልቦና ወይም የትምህርት ባለሙያ ስትሆኑ ደግሞ የምታዘጋጁት ሥልጠና በፈተና ማብቂያ ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ እንላለን፦ ሠልጣኟ የችግሩን ምልክት ለይታ ታውቃለች? ለእናቲቱስ ነገ ጠዋት ከልጇ ጋር ምን እንድትሠራ ልታሳያት ትችላለች? ሁለተኛውን ያልመለሰ ሥልጠና ሥራውን ከግማሽ ላይ አቁሟል።